የመሪን ድካም ያቀለለው ሰው
የፍራንሲስ ዴቪስ ሕይወትና የሁለቱ ዘይቶች መንገድ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በአብነት ሠፈር፣ በመንገድ ዳርና በየግቢው ባሉት ጋራዦች በየጊዜው ከሚቀርቡት ችግሮች አንዱ እንዲህ ያለ ነው። ባለመኪናው ጧት ሲነሣ መኪናው በቆመበት ሥፍራ ቀይ ዘይት ተንጠባጥቦ ያገኛል። መኪናውን ወደ ጋራዥ ያመጣና ለመካኒኩ ያሳያል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ሲመለከት፣ ከራዲያተሩ ጐንና ከሞተሩ ሥር ብዙ ቱቦዎች ተጠላልፈው ያያል። ሁሉም ጥቁር ናቸው፤ ሁሉም በአቧራና በዘይት ተለውሰዋል፤ ውፍረታቸውም ይቀራረባል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የመሪውን ዘይት ያመላልሳሉ፤ ሌሎቹ ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ወስደው የሚመልሱ ናቸው። በብዙ መኪናዎች ዘንድ የሁለቱም ዘይት ቀይ በመሆኑ በቀለም ብቻ መለየት አይቻልም።

ይህን ለይቶ ማወቅ የትንሽ ነገር ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። የመሪው ቱቦ በመንገድ ላይ ቢፈነዳ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሁለት ጣት ይዞር የነበረው መሪ ድንገት ከብዶ በሾፌሩ እጅ ላይ ይወድቃል። የካምቢዮው ቱቦ ቢፈነዳ ደግሞ ዘይቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተሟጥጦ ያልቃል፤ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሰሌዳዎችም ይቃጠላሉ፤ ባለመኪናውም በቱቦ ዋጋ ሊድን ይችል የነበረውን ችግር በካምቢዮ ዋጋ ይከፍለዋል። ከዚህም በላይ የአንዱን ቱቦ ለሌላው መተካት፣ ወይም ለአንዱ የሚገባውን ዘይት በሌላው ውስጥ መጨመር፣ ዛሬ ያልታየውን ጉዳት ለነገ ማስቀመጥ ነው።

እነዚህ ቱቦዎች ለምን እንዲህ እንደተሠሩ፣ አንዱ ወፍራምና በብረት የታሰረ፣ ሌላው ለስላሳና በተራ ማሰሪያ የተያዘ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት፣ የመሪውን ሥርዓት ከሐሳብ ወደ ብረት ያመጣውን ሰው ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። ይህ ሰው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ፍራንሲስ ራይት ዴቪስ በ1887 በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ የፊላደልፊያ ከተማ ክፍል በሆነችው በጀርመንታውን ተወለደ። እርሱ ሲወለድ በጀርመን አገር ካርል ቤንዝ ለቤንዚን ሠረገላው የፈጠራ መብት ከተቀበለ ገና አንድ ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። ስለዚህ ዴቪስና አውቶሞቢል አብረው አደጉ ለማለት ይቻላል። ወጣቱ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ተከታትሎ በ1910 ከፈጸመ በኋላ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በባፋሎ ከተማ ይገኝ በነበረው በፒርስ ኤሮው የመኪና ፋብሪካ ሥራ ገባ።

ፒርስ ኤሮው በዚያ ዘመን እጅግ የታወቁ የቅንጦት መኪናዎችን የሚሠራ ኩባንያ ሲሆን፣ ከእነዚህም ጋር ከባድ የጭነት መኪናዎችን ያመርት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የጭነት መኪናዎቹ ባሕር ተሻግረው ለእንግሊዝና ለፈረንሣይ ጦር አገልግለዋል። ዴቪስ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ሄዶ የጭነት መኪናዎች ክፍል ዋና መሐንዲስ ለመሆን በቃ። የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነውም የቅንጦት መኪናው ምቾት ሳይሆን የጭነት መኪናው መሪ ክብደት ነበር።

የከባድ መኪና መሪ

የዚያ ዘመን የጭነት መኪና ሾፌር ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደነበር ለመገመት የኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ኢጣልያኖች ያመጧቸውን እነዚያን ከባድ የፊያት መኪናዎች፣ ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ ይላቸው የነበሩትን፣ በጣርማ በርና በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያሽከረከሩ ሾፌሮች መሪውን የሚያዞሩት በትከሻቸውና በወገባቸው ኃይል ነበር። መሪው ትልቅ የሆነው ለጌጥ ሳይሆን እጅ የበለጠ ጉልበት እንዲያገኝ ነው። የፊት ጎማው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ምቱ በመሪው ዘንግ በኩል ተመልሶ ስለሚመጣ፣ አውራ ጣቱን በመሪው ውስጥ የረሳ ሾፌር ጣቱ ሊሰበር ይችል ነበር።

መሐንዲሶች ለዚህ ችግር የነበራቸው መፍትሔ በመሪው ሳጥን ውስጥ ያሉትን ጥርሶች መለወጥ ብቻ ነበር። ጥርሱ በተበዛ ቁጥር መሪው ይቀላል፤ ነገር ግን ጎማውን ጥቂት ለማጠፍ መሪውን ብዙ ዙር ማዞር ግድ ይሆናል። አደጋ ድንገት ሲመጣ ሾፌሩ መሪውን አዙሮ ሳይጨርስ አደጋው ይደርስበታል። ጥርሱ ቢቀነስ ደግሞ መሪው ቶሎ ይታዘዛል፤ ግን የሰው ክንድ አይችለውም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰፋ ያሉና አነስተኛ አየር የሚይዙ ጎማዎች በገበያ ላይ ሲውሉ ችግሩ ባሰ። ጎማው ለተሳፋሪው ቢመችም መሬቱን በሰፊው ስለሚይዝ መሪውን ይበልጥ አከበደው። ይህም ችግሩ የጭነት መኪና ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤት መኪና ጭምር እንዲሆን አደረገ።

ዴቪስ ከዚህ የተረዳው ነገር መፍትሔው በጥርስ ብዛት ሳይሆን ከውጭ በሚመጣ ኃይል መሆኑን ነው። ሞተሩ ይህን ሁሉ ብረት የሚጐትት ከሆነ፣ ከጉልበቱ ጥቂት ተወስዶ የፊት ጎማዎቹን ለማዞር የማይውልበት ምክንያት አልነበረም። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ኃይሉን በሾፌሩ እጅ ትእዛዝ ሥር ማዋሉ ነበር።

በዎልታም የተደረገው ድካም

በ1922 ዴቪስ የተከበረ ሥራውንና ደመወዙን ትቶ ከፒርስ ኤሮው ተሰናበተ። በማሳቹሴትስ ግዛት በዎልታም ከተማ አነስተኛ የሥራ ቤት ተከራየና ጆርጅ ጄሰፕ የተባለ ብልህ የመሣሪያ ሠራተኛ ቀጠረ። ዎልታም በእጅና በኪስ ሰዓት ፋብሪካዋ የታወቀች፣ ስስ ብረትን በጥንቃቄ መሥራት የለመዱ ባለሙያዎች የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። ለሚሠራው ነገር ከዚህ የተሻለ ሥፍራ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም የሥራው ውጤት የተመሠረተው ከፀጉር በማይተናነስ ክፍተት ላይ ነበርና።

ዴቪስ የመረጠው ኃይል የዘይት ኃይል ነበር። ዘይት አይጨመቅም፤ በአንድ በኩል ሲገፋ በሌላ በኩል ወዲያው ይገፋል። በየፋብሪካው የነበሩት ትላልቅ መጭመቂያ መሣሪያዎች በዚህ ኃይል ይሠሩ ነበር። ነገር ግን እነዚያ መሣሪያዎች አንድ የታወቀ ጉድለት ነበራቸው፤ ያፈስሳሉ። ግፊቱ ዘወትር በውስጣቸው ታምቆ ስለሚኖር በየመጋጠሚያው ዘይት ይወጣ ነበር። በፋብሪካ ወለል ላይ ይህ ቢታለፍም፣ በመኪና ውስጥ ግን አይታሰብም። ለመኪና የሚሆነው መሣሪያ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ጠባቂ የማያስፈልገውና በክረምትም በበጋም የማያፈስስ መሆን ነበረበት።

ዴቪስና ጄሰፕ ከብዙ ሙከራ በኋላ ያገኙት መልስ የዘይቱን ሥርዓት ፈጽሞ የሚገለብጥ ነበር። ግፊቱን አምቆ ከማስቀመጥና ሲፈለግ ከመልቀቅ ይልቅ፣ ዘይቱ ሁልጊዜ በነፃ እንዲዘዋወር አደረጉት። ሞተሩ እስካለ ድረስ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም በመሪው ሳጥን ውስጥ ባለው ቫልቭ መካከል አልፎ ያለ ብዙ ግፊት ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። መኪናው ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ጊዜ ዘይቱ ይዞራል እንጂ አይሠራም። ሾፌሩ መሪውን ጥቂት ሲያዞር ቫልቩ እጅግ በጥቂቱ ይንሸራተትና የአንዱን ወገን መመለሻ ያጠባል። ያን ጊዜ ግፊቱ ይነሣል፤ ፒስተኑን ይገፋል፤ ጎማዎቹ ይታጠፋሉ። ሾፌሩ ማዞሩን ሲያቆም ቫልቩ ወደ መካከል ይመለሳል፤ ግፊቱም ይወርዳል።

በዚህ ሥርዓት ግፊት የሚኖረው በሚያስፈልግበት ቅጽበትና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ የመፍሰሱ ችግር በእጅጉ ተቃለለ። ሾፌሩም መንገዱን በእጁ መስማቱን አላጣም፤ ምክንያቱም ቫልቩ የሚንቀሳቀሰው እጁ ጥቂት ሲገፋ ነው። ፓምፑ ቢቆም እንኳ መሪው ከጎማዎቹ ጋር በብረት የተያያዘ በመሆኑ ይከብዳል እንጂ አይጠፋም። ዛሬ አንድ መካኒክ በአብነት በእጁ የሚዳስሳቸው ሁለት ዓይነት የመሪ ቱቦዎች፣ የግፊቱና የመመለሻው፣ የዚህ ሐሳብ ቀጥተኛ ውጤቶች ናቸው። አንዱ ግፊት ለመሸከም ይዘጋጃል፤ ሌላው ዘይቱን ወደ ቤቱ ይመልሳል።

ወደ ዲትሮይት

ዴቪስ መሣሪያውን የሞከረው በራሱ ፒርስ ኤሮው መኪና ላይ ነበር። በ1926 የፈጠራ መብት ማመልከቻውን አስገባ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ገደማ መኪናውን ይዞ የአሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ መናኸሪያ ወደ ሆነችው ወደ ዲትሮይት አመራ። የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች በመኪናው ተቀምጠው መሪውን በራሳቸው እጅ ከሞከሩ በኋላ ከኩባንያው ጋር ስምምነት ተደረገ። ዴቪስም ከኩባንያው መሐንዲሶች ጋር ሆኖ መሣሪያውን ለካዲላክ መኪና ለማስማማት ይደክም ጀመር።

መሣሪያው እየተሻሻለ በሄደበት ጊዜ ግን ዓለም ተለወጠች። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ የቅንጦት መኪና ገበያን አደቀቀው። የፈጠራ መብቱ በ1931 ለዴቪስ ቢሰጠውም፣ ፋብሪካው ለዚህ መሣሪያ የሚያስፈልጉትን የማምረቻ ማሽኖች ለማቋቋም የሚወጣው ገንዘብ ይሸጣሉ ተብለው ከሚገመቱት ጥቂት መኪናዎች ጋር ሲመዛዘን አዋጪ ሆኖ አልተገኘም። በ1934 ጄኔራል ሞተርስ ስምምነቱን አቋረጠ። ከስምንት ዓመት ድካም በኋላ ዴቪስ የሚሠራ መሣሪያ ነበረው፤ የሚገዛው ግን አልነበረም።

ብዙ የፈጠራ ሰዎች ታሪካቸው የሚያበቃው እንዲህ ባለ ሥፍራ ላይ ነው። ዴቪስ ግን በኩባንያው ላይ ቂም ይዞ አልተቀመጠም፤ ሥራውንም አልጣለም። በ1936 ቤንዲክስ ከተባለው የመኪናና የአውሮፕላን ክፍሎች አምራች ጋር አዲስ ውል ተዋዋለ። እስከ 1939 ድረስ አሥር ያህል የሙከራ መሣሪያዎች ተሠሩ። ከእነዚህም ሁለቱን የገዛው ቀድሞ ስምምነቱን ያፈረሰው ጄኔራል ሞተርስ ሲሆን፣ በቢዊክ መኪናዎች ላይ ሊሞክራቸው ነበር።

ጦርነቱና ከዚያ በኋላ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የቢዊክ መኪናዎቹ ዕቅድ ቆመ፤ የዴቪስ መሣሪያ ግን በዚያው ጦርነት ሰፊ ሥራ አገኘ። በብረት የተሸፈኑ የጦር መኪናዎች ክብደታቸው ከሰው ክንድ አቅም በላይ ስለነበር፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር በዘይት ኃይል የሚታገዝ መሪ አስፈለጋቸው። ለእንግሊዝ ጦር የተሠሩት የሸቭሮሌ ብረት ለበስ መኪናዎች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። የገበያ ስሌት የከለከለውን ነገር የጦርነት አስፈላጊነት ፈቀደ። መሣሪያው በበረሃ አሸዋና በጭቃ ውስጥ ተፈትኖ አስተማማኝ መሆኑ ተረጋገጠ።

ሰላም ከሆነ በኋላ የአሜሪካ መኪናዎች እየረዘሙና እየከበዱ ሄዱ፤ ሴቶችም ወንዶችም፣ ወጣቶችም ሽማግሌዎችም የሚያሽከረክሩበት ዘመን ሆነ። በ1951 ክራይስለር ኩባንያ ኢምፔሪያል በተባለው መኪናው ላይ ሃይድራጋይድ የሚል ስም የሰጠውን መሪ አወጣ። በገበያ ለሚሸጥ የቤት መኪና በዘይት ኃይል የሚታገዝ መሪ ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን መሣሪያው የተመሠረተው ጊዜያቸው ባለፈ የዴቪስ የፈጠራ መብቶች ላይ ነበር። በአሜሪካ ሕግ በዚያ ዘመን የፈጠራ መብት የሚጸናው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ17 ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ በ1931 የተሰጠው መብት በ1948 አብቅቶ ነበር። ሐሳቡ ወደ ገበያ የደረሰው ባለቤትነቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ቢሆንም ዴቪስ በባዶ እጁ አልቀረም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መሣሪያውን ማሻሻሉን ስላላቋረጠ ሌሎች የጸኑ የፈጠራ መብቶች ነበሩት። ጄኔራል ሞተርስ ክራይስለር እንደቀደመው ሲያይ ወደ ዴቪስ ተመለሰ፤ በ1952ም በካዲላክና በሌሎቹ መኪናዎቹ ላይ የእርሱን ሥራ መሠረት ያደረገ መሪ አቀረበ። ዴቪስ መኪናውን ወደ ዲትሮይት ከወሰደበት ዕለት ጀምሮ ሲቆጠር ሃያ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሪው በሚሊዮን በሚቆጠሩ መኪናዎች ላይ ተገጠመ። ዴቪስም ሥራው በዓለም ሁሉ ሲዳረስ አይቶ በ1978 በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

ሁለቱ ቀይ ዘይቶች የተገናኙበት

የዴቪስ መሪ በመንገድ ላይ ሲጓተት ሌላ ፈጠራ ቀድሞት ወደ ገበያ ወጥቶ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1940 የኦልድስሞቢል መኪና ላይ አውሎ፣ በጦርነቱ ጊዜም ቀላል ታንኮች ላይ ገጥሞት ነበር። ይህም ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። በ1949 ኩባንያው ለዚህ የሚስማማ፣ ዓይነት ኤ የተባለ ዘይት ደንብ አወጣ። ይህ ዘይት ከሞተር ዘይት እንዲለይና የሚያፈስሰው ሥፍራ በቀላሉ እንዲታወቅ ቀይ ቀለም ይገባበታል። የመሪው ፓምፕም ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ቀጭን ዘይት ስለሚፈልግ፣ ብዙ ፋብሪካዎች ለመሪውም ይህንኑ ዘይት አዘዙ። በአብነት መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ቀይ ዘይት የሁለት አባት ልጅ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቱቦዎቹን ለመለየት እንግዲህ የሚረዳው ቀለም ሳይሆን ዴቪስ የሠራበት መንገድ ነው፤ ይኸውም ዘይቱ ከየት ተነሥቶ፣ ምን ሠርቶ፣ ወዴት እንደሚመለስ መከተል። የመሪው ዘይት የሚነሣው በሞተሩ ፊት በቺንጋ ከሚዞረው ፓምፕ ነው። ከፓምፑ ወጥቶ ወደ መሪው ሳጥን የሚሄደው ቱቦ የግፊት ቱቦ ነው። ግድግዳው በውስጡ በክር ተጠልፎ የተጠናከረ ነው፤ ጫፎቹ በፋብሪካ በተጨመቀ ብረት ታስረው በጥርስ ይጠብቃሉ። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር በውስጡ የሚነሣው ግፊት ወደ 100 ባር ሊጠጋ ይችላል፤ ይህም ከተለመደው የቤት መኪና ጎማ አየር አርባ እጥፍ ያህል ነው። ከመሪው ሳጥን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው ቱቦ ግን ለስላሳ ሲሆን የሚያዘውም ተራ ማሰሪያ ነው።

የካምቢዮው ዘይት የሚነሣው ከሞተሩ በስተኋላ ወይም በስተጐን ከተቀመጠው ካምቢዮ ነው። ሁለት መንታ የብረት ቱቦዎች፣ ውፍረታቸው እኩል የሆነ፣ የሞተሩን ጐን ተከትለው ወደ ራዲያተሩ ይመጣሉ፤ አጫጭር የጎማ ቱቦዎች ከራዲያተሩ የታች ወይም የጐን ክፍል ጋር ያገናኟቸዋል። እዚያ በውሃው መካከል ባለው ማቀዝቀዣ አልፎ ዘይቱ ይመለሳል። እንግዲህ መንታዎቹ የካምቢዮ፣ የማይመሳሰሉት ሁለቱ የመሪ ናቸው ማለት ይቻላል። በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያለው የቤት መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ መንታ ቱቦዎች የሉትም።

ብዙ ለማጆችን የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ መኪናዎች የመሪው መመለሻ መንገድ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት በታጠፈ የብረት ቱቦ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ዓላማው ዘይቱን በነፋስ ማቀዝቀዝ ነው። ይህን የተመለከተ ሰው ወደ ራዲያተር ስለተጠጋ ብቻ የካምቢዮ ቱቦ ነው ብሎ ሊወስን ይችላል። ቱቦውን በሁለቱም ጫፍ እስከ መነሻው የተከተለ ግን አይሳሳትም። ከሁሉ የሚቀለው ማረጋገጫም የዘይቱን ልክ ማየት ነው፤ የመሪው ማጠራቀሚያ ወይም የካምቢዮው መለኪያ፣ የጐደለው የቱ እንደሆነ ራሱ ይናገራል። የመሪው የግፊት ቱቦ ከሆነ ሞተሩ ተነሥቶ መሪው ወደ ዳር ሲዞር ፍሳሹ ይበረታል። ሆኖም መሪውን በዳሩ ላይ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ መያዝ ፓምፑን ያቃጥላል፤ የሚያፈስሰውን ሥፍራም በጣት መፈለግ አይገባም፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባልና።

ከመለየት ቀጥሎ መተካት ይመጣል። ከአብነት ብዙ ሳይርቅ፣ በመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ብዙ ዓይነት ቱቦ ይገኛል፤ ነገር ግን ጥቁር የሆነ ሁሉ ለዘይት አይሆንም። ለውሃ የተሠራ ቱቦ በዘይት ውስጥ ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም ይበጣጠሳል። የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ደንብ ለመሪ የግፊት ቱቦ ጄ 188፣ ለመሪ መመለሻ ጄ 189፣ ለካምቢዮ ማቀዝቀዣ ጄ 1532 የሚሉ ምልክቶች አሉ፤ በዚህ ደንብ በተሠራ ቱቦ ጀርባ ላይ ታትመው ሊገኙ ይችላሉ። የግፊቱን ቱቦ ቆርጦ በማሰሪያ መቀጠል ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ ማሰሪያው ለመመለሻ እንጂ ለዚያ ዓይነት ግፊት አልተሠራም። የፍሬን ዘይትም በመሪው ማጠራቀሚያ ውስጥ ቢጨመር የዘይት መከላከያ ጎማዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። ዘይቱም ሁልጊዜ ቀይ ነው ማለት ስላልሆነ፣ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዴቪስ በኋላ

ዛሬ የዴቪስ ዘይት ቀስ በቀስ ሥፍራውን እየለቀቀ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው ቪትዝ መሪው የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ የመሪ ፓምፕም የመሪ ቱቦም የለውም። በ2024 የኢትዮጵያ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ሃይድራማቲክ ያለ ካምቢዮ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች፣ ሽማግሌዎቹ ኮሮላዎችና የጭነቱን ሥራ የተሸከሙት ፒካፖች፣ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ጎማቸው ይደርቃል፤ ቱቦዎቻቸውም ይሰነጠቃሉ። አዲስ መኪና እንደልብ በማይገዛበት አገር ይህን ዕውቀት መያዝ የባለመኪናውን ሀብትና የተሳፋሪውን ሕይወት መጠበቅ ነው።

ፍራንሲስ ዴቪስ በዎልታም ሥራ ቤቱ ለዓመታት የታገለው በአንድ ጠብታ ዘይት መፍሰስ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ባለሙያ፣ በአብነት ግቢ በክሪክ በተነሣ መኪና ሥር ተኝቶ ያችኑ ጠብታ ሲፈልግ፣ ያንኑ ትግል ቀጥሏል። ስለዚህም ለማጁ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት ቱቦውን በጨርቅ ጠርጎ ከመነሻው እስከ መመለሻው ድረስ በዓይኑ እንዲከተል ማስተማር፣ በየጋራዡ ያሉት ነባር ባለሙያዎች ግዴታ ነው።